ሦስት ቁልፍ

ጣና ሐይቅ ውስጥ፣ ደቅ ደሴት ላይ አንድ ዕድር ነበር፤ ዕድሩም አንድ የዋንዛ ሣጥን ነበረው። ሣጥኑ ላይ ሦስት ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። አንዱን ቁልፍ የዕድሩ ዳኛ መምሬ በቀሚሳቸው ኪስ ይይዙታል። ሁለተኛውን ጸሐፊዋ፣ መንደሩ ሁሉ «እትዬ» የሚላት ባለጠላ፣ በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ታድራለች። ሦስተኛው ገንዘብ ያዡ ዘንድ ነው። ሦስቱ ካልተገናኙ ሣጥኑ አይከፈትም። አንዱ ባሕር ዳር ሄዶ ማዕበል ካስቀረው፣ ሐዘንተኛው እህል ተበድሮ ሲያስተናግድ ይሰነብታል። «ይህ ሣጥን ከሌባው ይልቅ እኛን ከለከለን» እያለ የሚያጉረመርም አይጠፋም ነበር። ለምን ሦስት ሆነ ብሎ የጠየቀ ግን የለም። አባቶች ሦስት አሉ፣ ሦስት ሆነ።

መስከረም 2013 መንግሥት የብር ኖት ቀየረ። አሥሩ፣ ሃምሳውና መቶው በአዲስ ተተካ፤ ባለ 200 ብር የሚባል ከዚያ በፊት ያልነበረ ኖትም መጣ። አሮጌውን ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ቁልፍ ያዦቹ ሣጥኑን ከፍተው ገንዘቡን በጆንያ ጠቅልለው በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ወረዱ። የሐይቁ እርጥበት ብዙውን ኖት አሻግቶት ስለነበር የባንኩ ቆጣሪ ልጅ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና ነበር የቆጠረችው። ስትጨርስም፣ «ደግሞ ይህን ተሸክማችሁ ልትመለሱ ነው? ለምን እዚሁ አይቀመጥም?» አለቻቸው። እውነት ነው፣ ለምን? ዕድሩ በሕግ የተመዘገበ ስላልነበረ ሂሳቡ በገንዘብ ያዡ ስም ተከፈተ። ማንም አልከፋውም፤ የሰውየውን ታማኝነት የሚጠራጠር ደቅ ላይ አልተወለደም።

በዚያው ዓመት ግንቦት ቴሌብር መጣ፤ በስልክ ገንዘብ መላክ የከተማ ሰው ወግ መሆኑ ቀረ። የገንዘብ ያዡ አማች የባንኩን የሞባይል አገልግሎት በአሮጌ ቴክኖ ስልክ ላይ ጫነለት። ከእንግዲህ ሰው ሲሞት የከፈኑ ዋጋ ባሕር ዳር ላለው ነጋዴ በደቂቃ ይደርሳል። ሣጥኑን እትዬ ለጌሾ ማስቀመጫ ወሰደችው። ሦስቱ ቁልፍ አንድ የሚስጥር ቁጥር ሆነ፣ እሱም በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ገባ። ይህን ልብ ያለ አልነበረም። ሁሉም ልብ ያለው ፍጥነቱን ነው።

ገንዘብ ያዡ ዓሣ አጥማጅ ነው። ታንኳ ሲገዛ የደንገሉን እስር አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ እየተጫነ፣ የላላ ካገኘ «ይህን ፍታና መልሰህ እሰር» ሳይል ገንዘብ አይቆጥርም። መረቡን ማታ ማታ ይጠግናል። ያልተረዳው ወረቀት ላይ አይፈርምም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ፣ ወደፊት የሚሆነውን አይቶ «ሞኝ ነበራ!» የሚል አንባቢ እንዳይነሣብኝ ነው። ሞኝ አልነበረም። ጥንቁቅ ነበር፤ ጥንቃቄውም ነው የበላው።

አንድ ማታ መልእክት ገባለት። «ውድ ደንበኛችን፣ የፋይዳ ቁጥርዎን ከሂሳብዎ ጋር ስላላስተሳሰሩ ሂሳብዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታገዳል። ለማስተሳሰር ከታች ያለውን ይጫኑ።» ከሥሩ በሰማያዊ የተጻፈ የፈረንጅ ፊደል ተደርድሯል። በዚያ ሰሞን ባንኮች በእርግጥም ደንበኛን ሁሉ የፋይዳ መታወቂያ አምጣ ይሉ ነበር፤ በሬዲዮ ሰምቷል፣ ባሕር ዳርም ሰልፉን አይቷል። ጥሩ ውሸት ከመሬት አይበቅልም፣ እውነት ላይ ተንጠላጥሎ ነው የሚመጣው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ስም ያለበት፣ ወሬው ከሬዲዮው ጋር የገጠመ መልእክት እንዴት ይጠረጠራል?

አንብቦ ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ።

«አባቴ፣ እንዴት አመሹ? ከንግድ ባንክ ነው የምንደውለው።» ደዋዩ በሙሉ ስሙ፣ ከነአባቱ ጠራው። ከበስተኋላው ኪቦርድ ይንኳኳል። ሰውየው ስሙን ሲሰማ ልቡ ረጋ። ገንዘብ ለመላክ የሂሳብ ቁጥር ያስገባ ሰው ሁሉ የባለቤቱ ስም ስክሪኑ ላይ እንደሚወጣለት በዚያ ሰዓት ማን ይንገረው? ስምን ማወቅ ለሌባም ለባንክም እኩል ቀላል ነው።

«መልእክቱ ደርሶዎታል አባቴ? ይጫኑት፣ አብረን እንጨርሰዋለን።»

ተጫነው። ባንኩ የሚታወቅበት ሐምራዊና ወርቃማ ቀለም ወጣ፣ ምልክቱም ከላይ አለ። አሁን ጥንቃቄውን ተመልከቱ። «ቆይ ልጄ» አለና ስልኩን አስቀምጦ፣ ከፍራሹ ሥር የባንክ ደብተሩን አወጣ። የሶላሯን መብራት አስጠግቶ፣ ስክሪኑን ከደብተሩ ሽፋን ጎን አድርጎ፣ ምልክቱን ከምልክቱ፣ ፊደሉን ከፊደሉ አመሳከረ። አንድ ነው። ከባንኩ ገጽ ላይ የተቀዳ ምስል ከባንኩ ምስል ጋር ቢመሳሰል ምኑ ይገርማል! እሱ ግን የእጁን ሥራ ጨርሶ፣ የታንኳውን እስር እንደፈተሸ ሰው ተረጋግቶ ተመለሰ። የሂሳብ ቁጥሩን ሞላ። ስልክ ቁጥሩን ሞላ። የሚስጥር ቁጥሩን ሞላ።

ወዲያው ሌላ አጭር መልእክት ገባ፤ ይህኛው ከእውነተኛው ባንክ ነበር። አንድ ቁጥር ይዟል፣ ለማንም እንዳይሰጡም ያስጠነቅቃል።

«አባቴ፣ አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ።»

«ለማንም አትንገር ይላል እኮ ልጄ።»

«ልክ ነዎት አባቴ፣ ለማንም እንዳይነግሩ! ብዙ ሌባ አለ። እኛ ግን ራሱ ባንኩ ነን።»

እዚህ ላይ ትንሽ ዝም አለ ይላሉ። ከዚያ አነበበለት።

«እግዚአብሔር ይስጥልን። ሲስተሙ እስኪያድስ ድረስ ስልክዎን እስከ ነገ አጥፍተው ያቆዩት።»

አጠፋው። ጠዋት ሲከፍተው አራት መልእክት ተከታትሎ ገባ። 86,000 ብር በአራት ጊዜ ተከፋፍሎ ወጥቷል። የቀረው ሻይ አይገዛም።

እንግዲህ ጥፋት ከተባለ ጥፋቱ ከዚህ ይጀምራል። ሰውየው ለማንም አልተናገረም። ታንኳውን ይዞ ሐይቅ ገባ፣ ያጠመደውን ቆሮሶ ሳይሸጥ ለጎረቤት አደለው፣ ሚስቱ «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ብርድ መታኝ» አላት። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። ኀፍረት ከሌባው ጋር ያበረው በዚያ ሁለት ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን አንዲት አሮጊት ሞቱ፤ መምሬ ለከፈን የሚላከውን ገንዘብ ሊጠይቁ መጡ። ያን ጊዜ ጉልበታቸው ላይ ወድቆ ተናገረ።

ከቀብር በኋላ ዕድርተኛው ሾላው ሥር ተሰበሰበ። «በሬውን ሽጦ ይክፈል!» ያለ አለ። «ከሌባው ጋር ተካፍሎ ቢሆንስ?» ብሎ በሆዱ ያለውን ያወጣም አልጠፋ። አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ የባንኩን ነገር አነሣ፦ «መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት የባንኩ ሲስተም ተዛብቶ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ አልወጣበትም? ያወጡትን ሰዎች ስምና ፎቶ ለጥፎ እያሳደደ አብዛኛውን አላስመለሰም? የራሱን ካስመለሰ የእኛንም ያስመልሳ!» ብዙ ሰው አጨበጨበ። ነገሩ ግን አይገናኝም። ያን ሌሊት የተሳሳተው ባንኩ ነው፤ ገንዘቡን የወሰዱትም በስማቸው ሂሳብ ያላቸው ደንበኞች ናቸው። እዚህ በሩ አልተሰበረም፤ ቁልፉ ገባ፣ ዞረ፣ ተከፈተ። በባንኩ መዝገብ ላይ ገንዘቡን የላከው ራሱ ገንዘብ ያዡ ነው።

እሱም ተነሣ። «ማኅተሙን ከደብተሩ ጋር አመሳክሬያለሁ። ውሰዱና እዩት። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?» ስልኩና ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም አየ፣ አገላበጠ። አንድ ነው።

ሠርክ እስኪደርስ ዝም ብለው የቆዩት መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከሾላው ሥር በስተምሥራቅ ዳጋ ትታያለች፤ የእስጢፋኖስ ገዳም፣ ዓፄ ዳዊትን፣ ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብን፣ ዓፄ ፋሲልን የመሳሰሉ ነገሥታት አፅማቸው ያረፈባት። በወዲያኛው በኩል ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች። የጣና ደሴቶች የአገር ዕቃ ቤት ነበሩ፤ የብስ ሲታመስ ታቦቱም፣ ዘውዱም፣ ብራናውም በታንኳ ተሻግሮ እዚህ ይሸሸግ ነበር። መምሬ ወደዚያ በአገጫቸው አመለከቱ።

«ገዳሙን ስሙን አልጠራም። በዘመነ መሳፍንት ነው አሉ። የገዳሙ ቄሰ ገበዝ አንድ ሰው የማይወዳቸው መነኩሴ ነበሩ። ዳተኛ ናቸው፣ ግትር ናቸው፣ እሺ ማለት አይሆንላቸውም። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ሦስት ነው። አንድ ሌሊት ትልቅ ታንኳ መጣ። ጥሩ በርኖስ የለበሰ ሰው ከነአሽከሮቹ ወረደና ደብዳቤ አወጣ። ከባላባቱ ነው። ‹ጦር ተነሥቶብኛል፤ ዘውዱንና መጻሕፍቱን በዚህ ሰው እጅ ላኩልኝ፣ ካደራችሁ ጠላት ይቀድማችኋል› ይላል። መነኮሳቱ ደነገጡ። ጧፍ አበሩ፣ ባላባቱ ካቻምና የላኩትን ደብዳቤ አምጥተው ማኅተሙን ከማኅተሙ ጋር አስተያዩት። አንበሳው ያው ነው፣ የጅራቱ አጣጣል ሳይቀር። ‹አንድ ነው፣ እንክፈት› አሉ።

«ቄሰ ገበዙ ማኅተሙን አላዩም። ዞር ብለውም አላዩት። ‹አንደኛው ቁልፍ ክብራን ነው› አሉ። ‹ወንድማችን ለገብርኤል ንግሥ ይዞት ሄዷል፤ ሲመለስ እንከፍታለን። እስከዚያ በራሳችን ታንኳ አንድ ዲያቆን ወደ ጌታው ልኬ አስጠይቃለሁ።› መልእክተኛው ጮኸ፦ ‹ጌታዬ ይቆጣል!› ‹ይቆጣ፣ የሚቆጣው እኔን ነው።› ‹ጊዜ የለም!› ‹ዘውዱ ጊዜ አለው፤ ከተቀመጠ ቆይቷል።› መነኮሳቱ በኀፍረት ተሸማቀቁ፤ የጌታ ማኅተም ያዋረደ ሰው እንዴት ይከበራል! ለእንግዳው እግሩን አጥበው፣ የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ አቅርበው፣ ብርድ እንዳይመታው ቡልኮ ሰጥተው አስተኙት። ሲነጋ የለም። ታንኳውም የለም። ቡልኮውም የለም።»

ሰው ሳቀ። መምሬ ግን አልጨረሱም።

«በዓመቱ ሌላ መልእክተኛ መጣ፤ ይኸኛው እውነተኛ ነበር። ቄሰ ገበዙ ለእሱም ያንኑ አሉት። ተናደደ። ‹ቁንጫ በላኝ› እያለ አራት ቀን ተቀመጠ፣ ተመገበ፣ ተኛ፣ ዓሣ ማጥመድ ለመደ። ዲያቆኑ መልሱን ይዞ ሲመጣ የታዘዘውን ተቀብሎ ሄደ። በመጠበቁ ምን ቀረበት?»

«ከቁንጫው በቀር ምንም» አለች እትዬ።

«ቄሰ ገበዙ ታዲያ ቅዱስ ነበሩ አባ?» ብሎ አንድ ልጅ ጠየቀ።

«ኧረ! እስኪሞቱ ድረስ ማንም አልወደዳቸውም።»

የእትዬ ልጅ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ለዕረፍት መጥታ ከዳር ተቀምጣ ነበር። ስልኩን ተቀብላ ሰማያዊውን ጽሑፍ ታነበው ጀመር። «አባባ፣ እዚህ መጀመሪያው ላይ የባንኩ ስም አለ። ከዚያ ነጥብ፤ ከዚያ ‹ፋይዳ አድስ› የሚመስል ነገር፤ ከዚያ ነጥብና ‹ቶፕ› ይላል። እርስዎ ያነበቡት የልጁን ስም ብቻ ነው፣ አባቱን አላዩትም። የልጁን ስም ማንም የፈለገውን ያወጣል። ይህ ‹ንግድ ባንክ› ተብሎ የተጠራ የሌላ ሰው ልጅ ነው።» የእውነተኛው ባንክ አድራሻ በ‹ነጥብ ኢቲ› እንደሚያልቅ፣ ይህም የኢትዮጵያ መለያ እንደሆነ አሳየቻቸው። መልእክቱ የመጣውም ባንኩ ሁልጊዜ ከሚልክበት ስም ሳይሆን በ09 ከሚጀምር ተራ ስልክ ቁጥር ነበር። ቀጥላም፣ በአንዳንዱ የውሸት አድራሻ ውስጥ ‹ኦ› የተባለችው የፈረንጅ ፊደል በዜሮ ትተካለች፣ ‹ኤል› በቁጥር አንድ ትተካለች፣ ለወጣት ዓይን እንኳ አትለይም አለች። ከተማ ያለ ባለቢሮ ደግሞ ይኸው ነገር በኢሜይል ይመጣበታል፦ ዕቃ የሚያቀርብለት ድርጅት ‹የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል፣ ክፍያውን በዚህ ላኩልን› ብሎ የጻፈ ይመስላል፤ አድራሻው በአንድ ፊደል ብቻ ይለያል።

ልጅቱ ያለችው ሁሉ እውነት ነው፤ ማወቁም ይጠቅማል። ተራኪው ግን ከመምሬ ጋር ይቆማል። የአድራሻውን አባት መፈተሽ ሁለተኛው ጥንቃቄ ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። አታላዩ ቀድሞ የተዘጋጀው ለምርመራ ነውና፤ ማኅተሙን የሠራው እንዲታይለት ነው። እንዲያውም ባዩት ቁጥር ያሳምናል። ያልተዘጋጀበት ነገር አንድ ነው፤ ጥያቄው እሱን ዘሎ፣ እኛ ከዱሮ በምናውቀው መንገድ ወደ እውነተኛው ባለቤት መሄዱ።

ይህ የገበሬና የዓሣ አጥማጅ ጣጣ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ በጥቅምት 2001 ኒው ዮርክ ላይ የሆነውን ይስማ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሲቲባንክ ውስጥ ሂሳብ ነበረው። ለሲቲባንክ ፊርማ ያረፈባቸው ሰነዶች ደረሱት፤ ከሰነዶቹም ጋር ‹ለማረጋገጥ በእነዚህ ስልኮች ደውሉ› የሚል የባለሥልጣናት ዝርዝር ነበር። ከዚያ በፋክስ የክፍያ ትእዛዝ ተከታተለ፣ ሃያ አራት ያህል። ባንኩ ፊርማውን አመሳከረ፤ ልክ ነው። ጥንቁቅ ነውና ደወለም፤ ያነሣው ሰው «አዎ፣ እኛ ነን ያዘዝነው» አለው። ከ27 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወደ ጃፓን፣ ወደ ደቡብ ኮሪያ፣ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ቆጵሮስና ወደ ሌሎችም አገሮች ተላከ። ስልኮቹን የጻፈው ግን ሌባው ራሱ ነበር፤ አዲስ አበባ ተብሎ የተደወለው ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካና እንግሊዝ ነበር የሚነሣው። የኢትዮጵያ ነው የተባለው የሰነድ ጥቅልም በኩሪየር የመጣው ከሌሴቶ ነው። ገንዘቡ የደረሳቸው አንዳንድ ባንኮች ክፍያውን ማስተናገድ አልቻልንም ብለው ሲመልሱ፣ ብሔራዊ ባንኩም «አላዘዝንም» ሲል ነገሩ ፈነዳ፤ ሲቲባንክ የብሔራዊ ባንኩን ገንዘብ ተካ፤ ከተጠርጣሪዎቹ አንዱም ከጥቂት ወራት በኋላ አሜሪካ ሲገባ ተያዘ። ያ ሁሉ የባንክ ባለሙያ የጎደለው ያ ግትር ቄሰ ገበዝ ያደረገው አንድ ነገር ነበር፤ በራሱ ታንኳ መላክ።

ወደ ደቅ እንመለስ። ልጅቱ የባንኩን የደንበኞች ስልክ፣ 951ን፣ ከደብተሩ እንጂ ከመልእክቱ ሳይወስዱ አስደወለቻቸው፤ ሂሳቡ ታገደ። በማግስቱ ገንዘብ ያዡ፣ መምሬና እትዬ በጀልባ ሦስት ሰዓት ገደማ ተጉዘው ባሕር ዳር ገቡ። የባንኩ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ገንዘቡ በመጀመሪያው ቀን ከተላከበት ሂሳብ አልተንቀሳቀሰም ነበር፤ አብዛኛው የወጣው በሁለተኛው ቀን ነው። «ያንኑ ዕለት ጠዋት ደውለው ቢሆን ኖሮ አባቴ…» አለና ፊቱን አይቶ ተወው። ተይዞ የተገኘው 9,000 ብር ብቻ ነው። ፖሊስ ቃል ተቀበለ፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማጭበርበር በእስራት ይቀጣል። ገንዘቡ የገባበት ሂሳብ የተከፈተው በአንድ የቀን ሠራተኛ ስም ሆኖ ተገኘ፤ መታወቂያውን ለማያውቀው ሰው በጥቂት ብር አውሶ ነበር። ሌባው ራሱ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ሾላው ሥር ዳግመኛ ሲሰበሰቡ ክርክሩ ከረረ። መምሬ ያሉት ይህ ነው፦ «ሦስቱን ቁልፍ አንድ ያደረግነው ሁላችንም ነን። እሱ አንዱን ቁልፍ ነው የያዘው፤ ሁለቱን ጨምረን ያስታቀፍነው እኛ ነን፣ ስለሰለቸን።» ግማሹ ተስማማ። ግማሹ አልተስማማም፤ ሦስት አባወራዎች ከዕድሩ ወጡ፣ እስካሁንም አልተመለሱም። በመጨረሻ ገንዘብ ያዡ የኪሣራውን አንድ ሦስተኛ በየወሩ ቀስ በቀስ እንዲከፍል፣ ቀሪውን ዕድርተኛው እንዲሸከም ተወሰነ። ዕድሩም ተመዝግቦ ያለሦስቱ ጣምራ ፊርማ ገንዘብ የማይወጣበት ሂሳብ ተከፈተ፤ ስልኩ ላይ ያለው ሂሳብ ከአንድ ቀብር ወጪ በላይ እንዳይዝ ሆነ። ሰውየው ግን በገንዘብ ያዥነቱ ቀጠለ። «የተቃጠለ ሰው ይያዘው» አለች እትዬ።

የአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶበት የከረመበትን ጊዜ እያነሡ «ያኔ በሊንክ የተበላ አልነበረም» ብለው የሚቀልዱ ወጣቶች ደቅ ላይ አሉ። ቀልድ ነው እንጂ ለእንዲህ ያለ ሌባ ኢንተርኔት ቅንጦት ነው፤ ስልክ መደወል ይበቃዋል። ይህም ብዙም ሳይቆይ ታየ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የገንዘብ ያዡ ስልክ ጮኸ። ሌላ ድምፅ፣ የበለጠ ትሑት። «አባቴ፣ ከሳይበር ማጣሪያ ክፍል ነው። የተወሰደብዎትን 86,000 ብር አግኝተነዋል። ለማስመለሻ 4,000 ብር የአገልግሎት ክፍያ ያስገቡና ዛሬውኑ እንልክልዎታለን።» የገንዘቡን ልክ እስከ ዜሮው ያውቃል። ማን ነገረው? የወሰደው ወይም ከወሰደው ዝርዝሩን የገዛ ካልሆነ ማን ሊያውቅ! አንዴ የተበላ ሰው ስም በሌቦች ዘንድ ዋጋ አለው፤ ገንዘቡን ለማስመለስ የሚጓጓ ሰው የፈለጉትን ይሰማልና።

ሰውየው መረቡን እየጠገነ ነበር። «ደስ ይላል ልጄ» አለው። «እኛ ጋ ግን ሦስት ቁልፍ ነው ያለው። አንደኛው የሚመጣው እሑድ ነው። እኔ እስከዚያ 951 ደውዬ እጠይቃለሁ፣ አንተ ሰኞ ደውልልኝ።»

«አባቴ፣ ሰኞ ፋይሉ ይዘጋል!»

«ይዘጋ።»

«ገንዘቡ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል እኮ!»

«መንግሥትም ችግር አለበት።»

ደዋዩ ትሕትናውን ረስቶ እዚህ የማይጻፍ ነገር ተናገረና ዘጋው። ሰኞ አልደወለም።

ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ አንዲት ሴት ደወለች፦ «የታገደው 9,000 ብር ተለቅቋል፤ ቅርንጫፍ መጥተው ይፈርሙ።» ሰውየው እሷንም «አላውቅሽም እህቴ» ብሎ ዘጋባት። ደግማ ደወለች፣ ደግሞ ዘጋባት። በ951 ጠየቀ፤ ቅርንጫፉን ሄደው ይጠይቁ አሉት። በሚቀጥለው ጀልባ ተሳፈረ። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ወጣቷ ስሙን አይታ ሳቀች፣ ትንሽም ተቆጣች። «ሁለት ጊዜ የዘጉብኝ እርስዎ ነዎት? በስልክ ነግሬዎት አልነበረም?»

«ነግረሽኛል።»

«ታዲያ ለምን አላመኑኝም?»

«አሁን አመንኩሽ» አላትና ፈረመ።

9,000 ብሩ ወደ ዕድሩ ተመለሰ። የጀልባው ክፍያ ከእሱ ላይ ይነሣ አይነሣ በሚለው ግን ዕድሩ ገና አልተስማማም። ቀልደኞቹ ወጣቶች ሴትዮዋ እውነቷን ነበር፣ እምቢ ያለው እሱ ነው፣ ከኪሱ ይክፈል ባይ ናቸው። እትዬ ወጪውን በዕድሩ መዝገብ ላይ «ለጥበቃ» ብላ ጽፋዋለች። መምሬ አልፈረሙበትም፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል ብለዋል።